የደጋ ፀሐይ፣ ቀይ አፈርና እርጥበት፦ በአዊ አካባቢ የቆዳ ጤና አጠባበቅ

ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ከቲሊሊ አቅጣጫ የሚገኘው የጥርባ ሐይቅም አፈጣጠሩ ተመሳሳይ ነው። ይህ የእሳተ ገሞራ ታሪክ ለአካባቢው ያወረሰው ሐይቆችን ብቻ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በረጅም ዘመን የተፈጨው ቀይ ሸክላማ አፈር ድንችን፣ ገብስንና ጤፍን ያበቅላል፤ ባዶ እግሩን ለሚውል ሰው ግን በቆዳ በኩል የሚገባ የሕመም ምንጭ ሊሆን ይችላል።

አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎችም አንዱ ነው። ስለዚህ የነዋሪው ቆዳ በበጋ የደጋውን ፀሐይ፣ በክረምት ጭቃና እርጥበት፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የማገዶና የከሰል ጭስ ይፈራረቁበታል። ይህ ጽሑፍ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርና ተመሳሳይ የአየር ጠባይ ባላቸው የደጋ ወረዳዎች የሚኖሩ ዜጎች ከእነዚህ ጉዳቶች እንዴት ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ሊጠብቁ እንደሚችሉ፣ ችግሩ ሲገጥማቸውም በየትኛው የጤና ተቋም አገልግሎት እንደሚያገኙ ያብራራል።

ቀዝቃዛ አየር፣ ብርቱ ፀሐይ

በደጋ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የምትጎዳ አይመስለውም። ቆዳን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ነው። ይህ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። በመሆኑም በእንጅባራ ከፍታ ላይ ያለ ገበሬ፣ በባሕር ጠረፍ በሙቀት ከሚንገላታው ሰው ይልቅ በሩብ ያህል የበረታ ጨረር ሊያርፍበት ይችላል። ጨረሩ በስስ ደመና ውስጥም ስለሚያልፍ የሰማዩ መዳመን ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

አዊ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ የሚገኝ በመሆኑ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። አንደኛው በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሌላኛው በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ነው። የነሐሴው በአመዛኙ በዝናብ ደመና ይሸፈናል፤ የሚያዝያው ግን ሰማዩ ገና ሳይዘጋ፣ አርሶ አደሩም ለእርሻ ዝግጅት ሜዳ ላይ በሚውልበት ጊዜ የሚደርስ ነው። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ጨረሩ የሚበረታበት ነው። ሰዓት ለሌለው ሰው ጥላው ይበቃዋል፤ የራሱ ጥላ ከቁመቱ ካጠረ ወደ ዛፍ ጥላ መጠጋት ወይም መሸፈን ይኖርበታል።

ጥቁር ቆዳ በውስጡ ያለው ሜላኒን የተባለ ቀለም ከፀሐይ ቃጠሎና ከቆዳ ካንሰር የተሻለ መከላከያ ይሰጠዋል። ሆኖም ይህ መከላከያ ሙሉ አይደለም። በጉንጭ፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ የሚወጣው ማድያት በዋናነት በፀሐይ ብርሃን የሚባባስ ሲሆን፣ በእርግዝና ወቅትና የወሊድ መከላከያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ ጎልቶ ይታያል። ዓይንም ከጨረሩ አያመልጥም፤ ለረጅም ዓመታት ያለ ጥላ ለፀሐይ መጋለጥ ለዓይን ሞራ ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። በከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውና ሕዝቡ «ምች» የሚለው ቁስልም ከፀሐይ ጋር ያለው ዝምድና አፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ቁስሉን የሚያስከትለው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይ ቫይረስ ሲሆን፣ ብርቱ ፀሐይ ቫይረሱን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ መሆኑ በሕክምናም የታወቀ ነው። ሽማግሌዎች «ፀሐይ ላይ አትቀመጡ፣ ምች ይመታችኋል» ሲሉ የኖሩት እንዲሁ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ ልጆችና ጎልማሶች ናቸው። ቆዳቸው ሜላኒን የሌለው ወይም በጣም ጥቂት ብቻ ያለው በመሆኑ፣ ያለ መከላከያ ካደጉ በወጣትነታቸው ለቆዳ ካንሰር ሊጋለጡ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ልጁን ከቤት መደበቅ አይኖርባቸውም። የሚያስፈልገው እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የመከላከያ አቅሙ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። በትምህርት ቤትም መምህራን ልጁን ከመስኮት ብርሃን አርቀው፣ ዓይኑ ስለሚደክም ከሰሌዳው አቅርበው ማስቀመጥ፣ የሰልፍና የስፖርት ሰዓቱንም ጥላ ወዳለበት ማዛወር ይጠበቅባቸዋል። የማይድን ትንሽ ቁስል፣ እየቆየ የሚደማ ቅርፊት ወይም የሚያድግ እብጠት በፊት፣ በጆሮ፣ በአንገት ወይም በእጅ ላይ ከታየ ሳይውል ሳያድር ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ነጠላ ስስና ሳሳ ብሎ የተሸመነ በመሆኑ በአንድ እጥፍ ሲለበስ ብዙ ብርሃን ያሳልፋል፤ አጥፎ መደረብ ወይም ጋቢ መልበስ ይሻላል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ብቻ ለመለየት ያስችላል። ኮፍያ ግንባርን እንጂ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም። ዣንጥላ ከሁለቱም የተሻለ ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ለሰዓታት ሜዳ ላይ የሚቆሙ አዛውንቶችና ሕፃናት ይዘውት ቢወጡ ተገቢ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚጠቀሙ ሰዎችም ከቤት ከመውጣታቸው በፊት በበቂ መጠን መቀባት፣ በየሁለት ሰዓቱና ላብ ባጠበው ጊዜ ሁሉ ደግሞ መቀባት ይኖርባቸዋል። ቅቤና ቫዝሊን ድርቀትን ይከላከላሉ፤ ከፀሐይ ግን አይከላከሉም። ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ የሚያቃጥል ቁስልና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል ሊወገድ የሚገባው ልማድ ነው።

ማድያትን ለማጥፋት በሚል ከሱቅና ከገበያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙ የማቅያ ቅባቶች ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ የተባለ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖርባቸው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያጠሩ ይመስላሉ። ከቆይታ በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ቡግርና ጠጉር ይበቅላል፣ ቅባቱ ሲቆምም ማድያቱ በርትቶ ይመለሳል። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር እናት ስትጠቀምበት ጽንሱንም ሊጎዳ ይችላል።

ቀይ አፈርና ባዶ እግር

በአዊም ሆነ በሌሎች የደጋ ወረዳዎች ከቆዳ ጋር ከተያያዙ ችግሮች ሁሉ የብዙ ሰዎችን ሕይወት የሚያሰናክለው የእግር እብጠት ነው። በተለምዶ «ዝሆኔ» የሚባለው ይህ ሕመም በእርግጥ ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። በቆላማ አካባቢዎች በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል ይመጣል። በደጋው ግን ትንኝም፣ ትልም፣ ባክቴሪያም የለበትም፤ ምክንያቱ አፈሩ ራሱ ነው። ይህኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስያሜውን እግርና አቧራ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምረው ያወጡት፣ በኢትዮጵያ ለዓመታት ሲያክሙና ሲመራመሩ የቆዩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ ናቸው።

ሕመሙ የሚጀምርበት መንገድ ቀላል ነው። በቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ የሚገኙ እጅግ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በተሰነጣጠቀ ወይም በተላጠ የእግር ቆዳ ውስጥ ያልፋሉ። ገብተውም የሰውነትን ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ በሚመልሱ ቱቦዎች ዙሪያ ይከማቻሉ፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ሲዋጋቸው ቱቦዎቹ ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይዘጋሉ። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ክረምት ሳይሆን ለዓመታት ባዶ እግር በመሄድ ነው።

በሽታው በአገር አቀፍ ደረጃ ያለው ስፋት እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደ የካርታ ሥራ ተጠንቷል። ከጥናቱ በተወሰዱ ግምቶች መሠረት በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን የማያንሱ ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖራሉ፤ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ ደግሞ ለሕመሙ በሚያጋልጡ አካባቢዎች ይኖራሉ። ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ብዙ ዝናብና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመነጨ ሸክላማ አፈር የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ተጋላጭ ነው። የዘንገና ዙሪያ ሦስቱንም ያሟላል። ሕመሙ በዚያው ዓመት ይፋ በሆነው ብሔራዊ የትኩረት የሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ ተካትቷል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ የዕድሜ ክልል ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ምልክቶቹ በቀላሉ የሚታለፉ ናቸው። የእግር የላይኛው ገጽ በጣቶች አካባቢ ያሳክካል፤ ማታ ማታ እግር ያቃጥላል፤ ሲመሽ ያብጥና ጠዋት ይጎድላል፤ የጣቶች መካከል ይሰፋል፤ የቆዳው መስመሮች ይጎላሉ። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ወጣት ጫማ ማድረግና እግሩን መታጠብ ከጀመረ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ከቆየ ግን ቆዳው እየወፈረ፣ በላዩም እንደ ሽበት ያለ ሻካራ ነገርና እባጭ እየወጣበት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው እብጠቱን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

እግሩ ያበጠ ሰው አልፎ አልፎ ድንገተኛ ቁጣ ይገጥመዋል። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ይይዘዋል፤ ለቀናትም ከአልጋ አይነሳም። እርሻና አጨዳ ሲጣደፍ አንድ ሳምንት መተኛት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም። እነዚህን ቁጣዎች በቀላል እንክብካቤ መቀነስ ይቻላል። በምሥራቅ ጎጃም ዞን 696 ሕመምተኞችን አሳትፎ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግራቸውን በአግባቡ እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ እንዲጠቀልሉና ጫማ እንዲያደርጉ የተደረጉት ሕመምተኞች የሚገጥሟቸው ቁጣዎች፣ እንክብካቤው ከዘገየላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ቀንሰው መገኘታቸውን አሳይቷል።

ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት፣ ጫማ በመዋዋስ ወይም በጋብቻ አይያዝም። እርግማንም አይደለም። በአንዳንድ ቤተሰቦች ደጋግሞ መታየቱ ብዙዎችን «በዘር የወረደ ቁጣ ነው» ያሰኛል፤ ከዚህም የተነሣ ልጃገረዶች ከትዳር፣ ሕፃናት ከትምህርት፣ አዛውንቶች ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት የሚርቁበት ሁኔታ አለ። በቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች ለአፈሩ ቅንጣቶች ያላቸው ምላሽ በተፈጥሮ የበረታ መሆኑን አመልክቷል። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም። አባቱ የታመመበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ አይታመምም። በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያም ሕመሙ ቀድሞ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ልማዱ ካደረገ በኋላ ጠፍቷል።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የጫማ ገንዘብ ሲመደብ መቅደም ያለባቸው ሕፃናት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጫማ የሚገዛው ገበያና ከተማ ለሚሄደው ጎልማሳ ሲሆን ይታያል። ጫማው ውድ መሆን የለበትም። የላስቲክ ቦት ወይም የኮንጎ ጫማ አፈርን ከከለከለ በቂ ነው። ሸበጥ የእግርን ገጽ ስለማይሸፍን የእርሻና የጭቃ ጫማ አይሆንም። ሌላው በተደጋጋሚ የሚስተዋለው ችግር ጫማ ለመንገድና ለበዓል ተለብሶ፣ በዋናው የተጋላጭነት ሰዓት ማለትም ሲታረስ፣ ሲታረምና ድንች ሲቆፈር መውለቁ ነው። ጭቃ ጫማ ስለሚይዝና ስለሚያከብድ አውልቆ መሥራት ቀላል ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ቢያንስ ሥራው እንዳበቃ እግርን ወዲያው መታጠብ ያስፈልጋል።

እግርን ማጠብ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ከመንገድ ለመጣ እንግዳ ውኃ አሙቆ እግሩን ማጠብ የቆየ የአክብሮት ልማድ ነው። ልዩነቱ በየቀኑና በሳሙና መሆኑ ብቻ ነው። ማታ ማታ በንጹሕ ውኃና በሳሙና፣ በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋቶች ውስጥ ሳይቀር ቀስ ብሎ ማጠብ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ማድረቅ፤ በመጨረሻም ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት ነው። ቫዝሊኑ በጣቶች መካከል አይቀባም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ድርቀት ነው። እግሩ ያበጠ ሰው ከዚህ በተጨማሪ ውኃው ውስጥ በጥቂቱ የሚጨመር በረኪና ሊታዘዝለት ይችላል። መጠኑን ባለሙያ ያሳየዋል፤ በግምት የተጨመረ በረኪና ቆዳን ያቃጥላል። ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ ማንቀሳቀስና እንደታዘዘለት በፋሻ መጠቅለል የተጠራቀመውን ፈሳሽ ይቀንስለታል። ያበጠውን እግር መብጣት፣ ማቃጠል ወይም በቅጠል መዘፍዘፍ ቁስሉን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ክረምትና ጭስ

ከሰኔ ጀምሮ ለወራት ልብስና ጫማ ሳይደርቅ የሚቆይበት ጊዜ ይመጣል። እርጥብ ቆዳ ለፈንገስ ምቹ ነው። በእግር ጣቶች መካከል ነጭ ሆኖ መላላጥና ማሳከክ፣ በብሽሽትና በብብት የሚወጣ ክብ ሽፍታ፣ በልጆች ራስ ላይ የሚታይ ጭርት በዚህ ወቅት ይበዛሉ። ከቦት ጫማ ስር የጨርቅ ካልሲ ማድረግ፣ ማታ ቦቱን ገልብጦ ከምድጃ አጠገብ ማድረቅ፣ በእርጥብ ልብስ አለመተኛት ብዙውን ይከላከላል። ማታ ማታ የሚብስና በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን ሁሉ የሚያዳርስ ማሳከክ ግን እከክ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን ብቻ ማከም አያድንም፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም፣ ልብስና አንሶላውም በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት። ለሥራ ወደ ጃዊ ወይም ወደ ሌሎች ቆላማ አካባቢዎች የሚወርዱ ወጣቶች ላብ የሚያስከትለውን ሽፍታ ለመቀነስ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መያዝ ይኖርባቸዋል።

በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ከደከረንስ ዛፍ ከሰል ማክሰል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። የከሰል ጭስና ጥቀርሻ በቅድሚያ ሳንባንና ዓይንን ይጎዳል፤ በቆዳ ላይ ሲቆይም ድርቀትን፣ ችፌንና ቡግርን ያባብሳል። ከሰል የሚያከስሉና የሚጭኑ ሰዎች ረጅም እጅጌ መልበስ፣ በነፋሱ አቅጣጫ አለመቆምና ወደ ቤት ሲገቡ ከምግብ በፊት በሳሙና ታጥበው ልብስ መቀየር ይጠበቅባቸዋል። ጥቀርሻን በአሸዋ ወይም በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ፈግፍጎ ለማስለቀቅ መሞከር ቆዳን ስለሚልጥ፣ ቀድሞ ቅባት ቀብቶ ማለስለስና ከዚያ በገላ ሳሙና መታጠብ ይመረጣል።

አገልግሎት የት ይገኛል?

የመጀመሪያው በር በየቀበሌው ያለው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእግር አጠባበቁን በተግባር ታሳያለች፣ ምልክቶቹንም ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ፖዶኮኒዮሲስን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም፤ ባለሙያው ሕመሙ ከየት እንደጀመረ፣ ታካሚው የት እንደኖረና ጫማ ማድረግ መቼ እንደጀመረ ይጠይቃል፤ በትንኝ የሚመጣውን እብጠት፣ የሥጋ ደዌን፣ የልብና የኩላሊት ሕመምንም ለይቶ ያስወግዳል። ስለዚህ «ምርመራ አላደረጉልኝም» ብሎ መከፋት አይገባም፤ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ምርመራው ናቸው። እግሩ በድንገት የጋለና ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ይኖርበታል። ስሜት የሌለው የነጣ ወይም የቀላ የቆዳ ንጣፍ የታየበትም ሰው እንዲሁ፤ ይህ የሥጋ ደዌ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ከተያዘም ጉዳት ሳይተው ይድናል።

ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ሕመም በሪፈር ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በባሕር ዳር ወደሚገኙት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይላካል። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥቶ በቆዳ ሕክምና የታወቀ የአገሪቱ ማዕከል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባላት መታወቂያቸው የታደሰ መሆኑን አስቀድመው ማረጋገጥና ሕክምናቸውን ከጤና ጣቢያ መጀመር አለባቸው፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል። ለቆዳ ሕመም የሚመጣ ታካሚ ከዚህ በፊት የተጠቀመባቸውን ቅባቶች ከነመያዣቸው፣ የባህል መድኃኒት ከሆነም ዓይነቱን ይዞ ቢቀርብ ባለሙያው ትክክለኛውን ሕክምና ለመምረጥ ይረዳዋል። የእግር እብጠት ያለበት ሰው ደግሞ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ይምጣ፤ ጫማው የሚጠብበት ወይም የሚልጠው ከሆነ በልኩ የተሠራ ጫማ የሚገኝበትን መንገድ ከባለሙያው ጋር መነጋገር ይችላል።